«ኔትወርክ የለም» ሲባል ዕዳው የማን ነው?

በዓለም ላይ ብዙ አየር መንገዶች አውሮፕላን ውስጥ ለሚሸጡት ምግብና መጠጥ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ካቆሙ ሰንበትበት ብለዋል። የአሜሪካ ትልልቆቹ ይህን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ ነው። ዶላር ይዘህ ውኃ ልትገዛ ብትጠይቅ አስተናጋጇ ፈገግ ብላ «ካርድ ብቻ» ትልሃለች። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። መልስ ፍለጋ መንከራተት ይቀራል፣ ሲወርዱ ሳንቲም መቁጠር ይቀራል፣ ገንዘብ ጎደለ የሚል ንትርክ ይቀራል። የአየር መንገድ ሰዎች ደግሞ ደቂቃም ትቆጠርባቸዋለች።

ይህ ነገር መካነ ሰላም ላለ ሰው ምን ያደርግለታል? ትሉ ይሆናል። መካነ ሰላም ድሮ የራሷ ማረፊያ ነበራት፤ ዛሬ ግን አውሮፕላን የሚፈልግ የቦረና ሰው ኮምቦልቻ ድረስ መውረድ አለበት። ከዚያ ተሳፍሮ ሰማይ ላይ ሳንድዊች የሚገዛም ብዙ የለም። «ካርድ ብቻ» የሚለው ቃል ግን በሌላ ስም እኛም ዘንድ ደርሷል። የደረሰው በነዳጅ ማደያ በኩል ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ተከለከለ፤ ብዙም ሳይቆይ ደንቡ ወደ ክልሎች ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቤንዚንም ናፍጣም የሚገዛው በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ነው። ለውጡ የመጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች የነዳጅ ድጎማ የሚያገኙት በቴሌብር በኩል ነበርና መንግሥት ማን ስንት ሊትር እንደቀዳ ማወቅ ፈለገ። በበርሜል እየተቀዳ ለጥቁር ገበያ የሚወጣውንም ነዳጅ ማስቀረት ፈለገ። እዚህ ድረስ ማንም አይከራከርም።

እኔም የዲጂታል ክፍያ ጠላት አይደለሁም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሥራ ሲጀምር፣ ደሴ የሚማር ልጅ ላለው የወግዲ ወይም የመሐል ሳይንት ገበሬ እፎይታ ነበር። ከዚያ በፊት ለልጅ ገንዘብ የሚላከው በሹፌር እጅ ነበር። ሹፌሩ ታማኝ ቢሆን እንኳ መኪናው ይሰበራል፣ ልጁ መናኸሪያ ሄዶ ሲጠብቅ ይውላል። ዛሬ አባት *127# ይጫናል፣ ገንዘቡ በደቂቃ ይደርሳል። ኢንተርኔት የማይሠራበት የድሮ ስልክም ይበቃዋል። በግ ሸጦ የሚመለስ ሰው ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ ዱር ለዱር ሲሄድ የነበረበትን ፍርሃት የሚያውቅ የሚያውቀው ነው። ለዚህም ነው የቴሌብር ደንበኛ ከ50 ሚሊዮን በላይ የሆነው። ሰው የሚጠቅመውን ያውቃል።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ነገሩ «ይቻላል» ከሚለው ወጥቶ «ግድ ነው» ሲሆንና ኔትወርኩ ሲጠፋ ምን ይሆናል?

አንድ የደረሰብንን ላውጋችሁ። የወንድሜ ልጅ ሚስት ምጥ ይዟት ወደ ደሴ እንድትሄድ ተጻፈላት። ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርጎ ደሴ የሚገባው መንገድ ረጅም ነው፤ ደጋ ለደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ ጉም ነው። የተኮናተርነው መኪና ነዳጁ አጋማሽ ላይ ነበርና መንገድ ላይ ባለ አንድ ማደያ ቆምን። ነዳጅ አለ። ቀጂው አለ። ብርም በእጃችን አለ። «ኔትወርክ የለም» አለን ልጁ። ጥሬውን ተቀበልና ሲመጣ በራስህ ስልክ ክፈለው ብንለው፣ «ጋሼ፣ እንጀራዬ ነው፣ ከሥራ ያባርሩኛል» አለ። እውነቱን ነው፤ በእሱ አልፈርድም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ኋላ መኪናዋ ውስጥ ያለችው ልጅ ድምፅ ሲበረታ ሹፌሩ ከማደያው አጥር ጀርባ ወዳለች ሱቅ ሄደ። እዚያ በሃይላንድ ላስቲክ የተሞላ ቤንዚን በእጥፍ ዋጋ ይሸጣል። ክፍያው? በጥሬ ገንዘብ!

ልብ በሉ። ደንቡ የወጣው ጥቁር ገበያውን ለማጥፋት ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ሕጋዊው ማደያ ዝም ብሎ ቆሞ ሻጭ ሆኖ የተገኘው ጥቁር ገበያው ነው። ልጅቱ በሰላም ተገላገለች፣ ተመስገን። ግን ሁሉም መንገደኛ እጥፍ ዋጋ የሚከፍልበት ብር የለውም።

እንዲህ ያለው የአንድ ቀን ገጠመኝ ብቻ ቢሆን አላነሣውም ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወቃል። መተግበሪያ ላይ የተመሠረተ ነገር ሁሉ ቆመ። አንዳንድ ቦታ ስልኩም ራሱ ሲጠፋ የአጭር ቁጥሩም መንገድ ተዘጋ። በዚያን ጊዜ ሰው እንዴት ኖረ? በጥሬ ገንዘብ፣ በዱቤና በመተማመን። ባለሱቁ ደብተር አወጣ፣ «ሲመጣ ትሰጠኛለህ» አለ። ይህ ደብተር የትኛውም የዲጂታል ስትራቴጂ ላይ አልተጻፈም፤ አገር ያቆመው ግን እሱ ነው።

አሁን ወደ አውሮፕላኑ እንመለስ፤ ምክንያቱም ትምህርቱ እዚያ ነው። አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሆኖ ለረጅም ዘመን ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረውም። ታዲያ በካርድ ብቻ እንዴት ሸጠ? መልሱ ቀላል ነው። አስተናጋጇ የያዘችው ማሽን የካርዱን መረጃ ተቀብሎ በሆዱ ይይዘዋል። አውሮፕላኑ ሲያርፍ የተጠራቀመውን ለባንክ ይልካል። ካርዱ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ኪሳራው የአየር መንገዱ ነው። ለዚህም ነው የዋጋ ጣሪያ የሚያበጁት፣ የተሰረቁ ካርዶችን ዝርዝር አስቀድመው ማሽኑ ላይ የሚጭኑት። አስልተውታል። ለጥቂት ማጭበርበር ብለው ተሳፋሪውን ሁሉ ውኃ አይከለክሉም።

ልዩነቱን አያችሁት? እዚያ «ካርድ ብቻ» ያለው ሻጩ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚመጣውንም ዕዳ የተሸከመው ሻጩ ነው። እኛ ዘንድ «በስልክ ብቻ» ያለው አንድ ወገን ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ዕዳውን የሚሸከመው ግን መንገድ ላይ የቆመው ሰው ነው። ደንብ አውጪውም አይከስር፣ ቴሌውም አይከስር፣ ማደያውም ነዳጁን ነገ ይሸጠዋል። የከሰረው ግማሽ ሰዓት የጠበቀው ነው።

የገንዘብ ለውጥ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ከአፋር በግመል የሚወጣው አሞሌ ጨው በደጋው ገበያ ገንዘብ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ከጨው አገር በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምር ነበር። ከዚያ ማርያ ትሬዛ፣ ጠገራው፣ መጣ። የወሎ ነጋዴ ጠገራ ሲቀበል የሴትዮዋን ጌጥ ነጠብጣቦች ቆጥሮ፣ ማርጀቱን ዳስሶ፣ አንኳኩቶ ድምፁን ሰምቶ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በራሳቸው መልክ ብር አስመትተው እንኳ ሰው ከጠገራው ቶሎ አልተላቀቀም። ሰዉ ኋላ ቀር ስለሆነ ነው እንዴ? አይደለም። በእጁ አረጋግጦ የሚያምነውን ገንዘብ ስለመረጠ ነው። አሮጌው በገበያ እያለ አዲሱ ቀስ በቀስ ገባ፤ አንዱ ሌላውን የተካው ሰው ሲያምነው ነው። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ወር የብር ኖቶች ሲቀየሩና ባለ 200 ብር ሲወጣ እንኳ ሦስት ወር የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጥቶ ነበር።

ዛሬ እማማ አረቄ ሸጠው የሚቀበሉት ገንዘብ ስልክ ላይ የምትመጣ አንዲት መልእክት ናት። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ጎረቤት ልጅ ያነብላቸዋል። የውሸት መልእክት ልከው ዕቃ ይዘው የሚጠፉ ሌቦች መኖራቸውንም ሁላችን እንሰማለን። ጠገራን ማንኳኳት ይቻላል፤ መልእክትን ምን ላይ ያንኳኩታል? ስልክ የሌለው ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ማደያ በር ላይ የቆመ ጎረምሳ «እኔ ልክፈልልህ» ይለዋል፣ ጥሬውን ይቀበላል፣ ከላይ ለራሱ የተወሰነ ብር ይቆርጣል። ይህ ያልተጻፈ ግብር ነው። የሚከፍሉትም ድሆች ናቸው።

ከእኛ ብዙ ቀድመው የሄዱትስ ምን አሉ? ስዊድን ጥሬ ገንዘብ ሊጠፋባት ከቀረቡ አገሮች ግንባር ቀደም ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ለየቤቱ ባደለችው የጦርነትና የቀውስ ጊዜ መመሪያ ላይ ግን ዜጎቿ ቤታቸው ጥሬ ገንዘብ እንዲያስቀምጡ መክራለች። ኖርዌይ በዚያው ዓመት ደንበኛ በሱቅ በጥሬ ገንዘብ የመክፈል መብቱን በሕግ አጠናከረች። ኒውዮርክ ከተማም እ.ኤ.አ. በ2020 «ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም» የሚሉ ሱቆችን ከልክላለች። መብራትና ኔትወርክ የማይጠፋባቸው እነዚህ ሰዎች ለመጥፎ ቀን ብለው በር ከከፈቱ፣ ክረምት ሲመጣ መስመር የሚቆረጥብን እኛ ምን ልናደርግ ይገባን ነበር?

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ማደያው ላይ ኔትወርክ ከጠፋ፣ እንበል ከሩብ ሰዓት በላይ፣ በጥሬ ገንዘብ እንዲሸጥና የሰሌዳ ቁጥሩን፣ ሊትሩን፣ ሰዓቱን በደረሰኝ እንዲመዘግብ ይፈቀድለት። ኔትወርክ ሲመለስ መዝገቡን ያስገባል። ቁጥጥሩም አይጠፋም፣ መንገደኛውም አይቆምም። ሁለተኛ፣ አምቡላንስና ታማሚ የያዘ መኪና ምንም ሳይጠበቅ ይቀዳለት። ሦስተኛ፣ አውሮፕላኑ እንደሚያደርገው፣ እስከተወሰነ ብር ድረስ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ክፍያ ይበጅ። ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም፤ ሰማይ ላይ ሲሠራበት ቆይቷል። የሚጎድለው ኪሳራውን «እኔ እሸከማለሁ» የሚል ነው።

«ታዲያ ሁሉም ሰው ኔትወርክ ጠፋ እያለ በጥሬ ቢሸጥስ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ የሚሞክር አይጠፋም። ግን ኔትወርኩ የጠፋበትን ሰዓት ቴሌ ራሱ ያውቀዋል። የማደያው መዝገብና የቴሌው መዝገብ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የዋሸው በአንድ ቀን ይለያል። አጭበርባሪን መያዝ ለባለሥልጣን የሚቻል ሥራ ነው። ለመንገደኛው ግን ኔትወርክን መጥራት አይቻለውም።

«ግድ ነው» የሚል ሁሉ «ሲበላሽ እኔ አለሁ» ማለትንም ይልመድ። ያን ቀን በስልክ ክፈሉ ስንባል ማንም አያጉረመርምም። እስከዚያው ድረስ ግን በምዕራብ ወሎ ደጋ መንገድ የሚወጣ ሰው ስልኩን ሞልቶ፣ በኪሱም ጥቂት ጥሬ ብር ይዞ ቢወጣ ይሻለዋል።