ቡና ሳይለቀም የሚፈረም የብድር ወረቀት በከፋ

ክረምት ሲገባ በቦንጋ ዙሪያ በጊምቦ፣ በዴቻና በጨና ወረዳዎች የብዙ ገበሬ ጎተራ ይመናመናል። ቡናው ገና ጥሬ ፍሬ ነው፤ ለቀማው የሚጀመረው ከመስከረም ወዲህ ነው። እህል መሸመት፣ ልጅ ትምህርት ቤት መላክና በሽተኛ ማሳከም ግን ለቀማውን አይጠብቁም። በመሆኑም አርሶ አደሩ ወደ ባለገንዘብ ሄዶ አንድ ወረቀት ይፈርማል። ኋላ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚያደርሰውም ይኸው ወረቀት ነው።

በሌላው ዓለም ዕዳ ማስከፈልን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ድርጅቶች አሉ። በአሜሪካ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ሕግ እነዚህ ድርጅቶች ከጧቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ለባለዕዳው እንዳይደውሉ ይከለክላል። በከፋ ገጠር ግን አስከፋዩ ብዙውን ጊዜ ጎረቤት ነው። በቡድን ዋስትና ከአነስተኛ ብድር ተቋም የተበደረ ሰው ሲዘገይ፣ የሚወተውቱት አብረውት የፈረሙት የዕድርና የገበያ ወዳጆቹ ናቸው።

ክርክሩ የሚከርረው በአራጣ ነው። እንበልና አንድ ገበሬ በሰኔ 4,000 ብር ተቀብሎ በኅዳር 6,000 ሊመልስ ተስማማ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው «6,000 ብር ተበድሬአለሁ» የሚል ብቻ ነው፤ ወለድ የሚል ቃል አይገኝበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ተዋዋዮች የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚህ ሂሳብ የ4,000 ብር የ5 ወር ወለድ 200 ብር ነው። የተቀረው 1,800 ብር በዋናው ብድር ውስጥ ተሸሽጓል ማለት ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 712 በሰው ችግር ተጠቅሞ እንዲህ የሚያበድርን ይቀጣል። ችግሩ ማስረጃው ነው፤ የፈረሙበትን ጽሑፍ በቃል ማስተባበል ቀላል አይደለም።

ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው አንድ ድንጋጌ እዚህ ላይ ዋጋ አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 መሠረት ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። በአበዳሪው ደጃፍ በቀለም የተጠቀሰ አውራ ጣት እንግዲህ ሁሉን አይጨርስም።

ዕዳውን ከፍሎም የሚከሰስ አለ። ቡናውን በጆንያ አስረክቦ፣ ደረሰኝ ሳይቀበል፣ ወረቀቱንም ሳያስመልስ ወደ ቤቱ የሚሄደው ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር መከፈሉ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን እጅግ ትንሹ ብድር እንኳ ከዚህ ያልፋል።

መጥሪያ ደርሶት በኀፍረት የሚቀረው ተከሳሽ ይበልጥ ይጎዳል፤ ፍርዱ በሌለበት ይሰጣል። በቂ ምክንያት ያለው ግን ውሳኔውን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። የዳኝነት መክፈያ ያጣም በደሃ ደንብ ሊስተናገድ ይችላል።

ከተፈረደም በኋላ ሁሉም ንብረት አይወሰድም። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 404 የሥራ መሣሪያን፣ ፍርድ ቤቱ ለኑሮው ያስፈልጋሉ ያላቸውን ከብቶችና ዘር፣ የ3 ወር ቀለብንም ከመያዝ ይጠብቃል። ለገበያ በጆንያ የታሰረ ቡና ግን በዝርዝሩ ውስጥ በስም አልተጠቀሰም።