የዓባይን ጎዳና በወረቀት ያሰፈረው ቆንስል

በ1940 ካርቱም ላይ ከጥይትና ከስንቅ እኩል ያሳሰበ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ወደ ጎጃም በየት ይገባል? (ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጣሊያን በዚያው ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አውጃለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የስደት ኑሯቸውን ትተው በሐምሌ ወር ካርቱም ደርሰዋል። ሱዳን ውስጥ የነበሩት የእንግሊዝ መኮንኖች ግን ከጠረፉ ወዲያ ስላለው አገር የሚያውቁት ጥቂት ነው። የትኛው መንገድ ግመል ያስኬዳል? ወንዙን በየትኛው መልካ ይሻገሩታል? የትኛው ባላባት ዱር ቤቴ ብሏል፣ የትኛውስ ለጣሊያን አድሯል? ካርቱም ላይ የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚከታተለውን የመረጃ ክፍል እንዲመራ የተጠራው ዕድሜው ስልሳን ያለፈ ሰው ነበር፤ ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን።

ቺዝማን በ1878 እንግሊዝ አገር ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ወፍና አውሬ መከታተል ይወድ ነበር። ታናሽ እህቱ ኤቭሊንም በነፍሳት ጥናት ስሟ የገነነ፣ እስከ ኒው ጊኒ ድረስ ዘልቃ የተመራመረች ሳይንቲስት ነበረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ኢራቅ ዘመተ፤ ከጦርነቱ በኋላም እዚያው የእንግሊዝ ከፍተኛ ሹም ለነበሩት ለሰር ፐርሲ ኮክስ ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። ቀጥሎ በምሥራቅ ዓረብ በረሃ ተጉዞ ያየውን በ1926 በመጽሐፍ አሳተመ። በበረሃ የምትኖር አንዲት ትንሽ አይጥ እስከ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሟ የእሱን ስም ይዛለች።

ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ በ1925 ይጀምራል። በዚያ ዓመት ቺዝማን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተመደበ፤ እስከ 1934ም ቆየ። እንግሊዝ ዳንግላን የፈለገችው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚሁ ጊዜ ሱዳን ውስጥ የሰናር ግድብ ተጠናቆ የገዚራ የጥጥ እርሻ በዓባይ ውኃ መልማት ጀምሯል። በጣና መውጫ ላይ ግድብ የመሥራት ሐሳብም ለንደንን፣ ካርቱምንና አዲስ አበባን ሲያነጋግር የቆየ ነበር። የቆንስሉ የግል ፍላጎት ወንዙን ማወቅ ቢሆንም፣ የላከው መንግሥት ዓይን ግን ውኃው ላይ ነበር። ሥራውን ስናደንቅ ይህን መዘንጋት አይገባም።

ወደ ወንዙ እንምጣ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ የሚገናኝባት ካርቱም ደግሞ 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዓባይ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ለመውረድ በቀጥታ ወደ ምዕራብ አይሄድም። ከጣና ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያቀናል፣ ከዚያ ጎጃምን እንደ ቀለበት ዞሮ ወደ ሱዳን ይመለሳል። በመንገዱም ደጋውን ቦርቡሮ አንዳንድ ቦታ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሸለቆ ሠርቷል። ታችኛው ክፍል ወበቅና ወባ ነው። አዞ አለ። ሰው የሚኖረው ከላይ ከደጋው ጫፍ ነው እንጂ ከወንዙ ዳር አይደለም። ክረምት ሲገባ ደግሞ መልካዎቹ ሁሉ ይዘጋሉ።

በጀልባ ልውረድ ያለም አልተሳካለትም። በ1903 አሜሪካዊው ማክሚላን ጀልባ አሠርቶ ሞክሮ ገና ከጅምሩ ድንጋዩና ፏፏቴው አስቀሩት። ስለዚህ ቺዝማን ወደ ዳንግላ ሲመጣ፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የወንዙን ምንጭ ግሽ ዓባይን ካየ ከ150 ዓመት በላይ አልፎም እንኳ፣ የዚህ ወንዝ ረጅም ክፍል በካርታ ላይ በነጠብጣብ የተሰመረ ግምት ነበር።

ቺዝማን ውኃውን ትቶ የብሱን መረጠ። በበጋ በበጋ፣ የቆንስልነት ሥራው ፋታ ሲሰጠው፣ በቅሎና አጋሰስ አስጭኖ የሸለቆውን ጫፍ ይዞ ይጓዛል፤ በሚቻልበት ቦታ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ ይለካል፣ ተመልሶ ይወጣል። እንዲህ ያለው ሥራ ለማየት ቀላል፣ ለመሥራት አድካሚ ነው። ቀያሹ የጉዞውን አቅጣጫ በኮምፓስ ይይዛል፣ ርቀቱን በተጓዘው ሰዓት ያሰላል፣ ከሩቅ የሚታየውን ተራራ ከሁለትና ከሦስት ቦታ አነጣጥሮ በወረቀቱ ላይ ያስቀምጣል። አንዱ ቀን ከተሳሳተ የተከታዩ ሳምንት መስመር ሁሉ ይዛነፋል። በዚያ ዘመን ከጣና እስከ ሱዳን ጠረፍ በወንዙ ላይ የነበሩት ድልድዮች ሁለት የድንጋይ ድልድዮች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ጢስ ዓባይ አጠገብ፣ ሌላው በሞጣ በኩል። በቀረው ሁሉ መሻገሪያውን የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው።

የሥራው ቁም ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። የአንዱ አገር ገበሬ የራሱን መልካ ያውቃል፤ ነጋዴው የሚመላለስበትን ቁልቁለት ያውቃል፤ መነኩሴው የደሴቱን ታሪክ ያውቃል። ዓባይ ያልታወቀ ወንዝ አልነበረም። የጎደለው ይህን ሁሉ ቁራጭ እውቀት እየጠየቀ፣ እየለካ፣ አንዱን ከሌላው አጋጥሞ በአንድ ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ሰው ነበር። ቺዝማን ያንን አደረገ። ያለ መሪዎቹ፣ ያለ አጋሰስ ነጂዎቹና ያለ አስተርጓሚዎቹ ግን አንድ ቀን እንኳ መንገድ መሄድ አይችልም ነበር።

ጣናንም በደንገል ታንኳ ዞሯል። ደሴቶቹንና ገዳማቱን ጎብኝቷል፤ የነገሥታት አፅም ያረፈባትን ዳጋ እስጢፋኖስንና ጣና ቂርቆስን አይቶ ጽፏል። ይህን ሁሉ የያዘው መጽሐፉ «የጣና ሐይቅና ጥቁር ዓባይ» በ1936 ለንደን ላይ ታተመ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠው። የአገሪቱ ዕጣ ግን በዚያው ዓመት ጨልሞ ነበር፤ ጣሊያን አዲስ አበባ ገብታለች። ለመንገደኛ የተጻፈ የሚመስለው የመንገድ፣ የመልካና የሰፈር መግለጫ ከአራት ዓመት በኋላ ካርቱም ላይ ለጦርነት ሥራ ተፈለገ።

በነሐሴ 1940 የእንግሊዝ መኮንን የሆነው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ጥቂት ሰዎች ይዞ ከሱዳን ወደ ጎጃም ገባና ከአርበኞቹ ጋር ተገናኘ። ንጉሠ ነገሥቱም ጥር 20 ቀን 1941 ኡም ኢድላ ላይ ጠረፉን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን ሰቀሉ። ድሉን ያመጡት አምስት ዓመት የተዋደቁት አርበኞች ናቸው። ከካርቱም የሚመጣው መሣሪያና መልእክት ግን በየት በኩል አልፎ ለማን እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ዳንግላ የኖረው ቺዝማን ደግሞ አገሩንም ሰዎቹንም ያውቅ ነበር።

ቺዝማን በ1962 አረፈ። ከስድስት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ቡድን በጀልባ ወደ ሸለቆው ገባ፤ ዛሬ ደግሞ እሱ በበቅሎ ሲከታተለው በነበረው ወንዝ ላይ፣ ጠረፉ አጠገብ ጉባ ላይ፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ቆሟል። ወንዙን በዜና እንጂ በእግሩ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ግሽ ዓባይ ካለበት ከሰከላ እስከ ጉባ ያሉትን መልካዎች፣ አድባራትና ገበያዎች በቅደም ተከተል የሚያስረዳ፣ የሸለቆው ሽማግሌዎች ሳያልፉ ከአፋቸው ተጠይቆ የሚጻፍ የአማርኛ መንገድ መሪ ያስፈልገናል። የጂኦግራፊ መምህራን፣ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ይህ ሥራ የእናንተ ነው።