እስከ አሥር መጥራትና አሥርን ማወቅ

አንድ ሕፃን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ እስከ አሥር ሲዘልቅ የሰማ ወላጅ፣ ልጁ መቁጠር ቻለ ብሎ ይደሰታል። ይሁን እንጂ ለዚያው ሕፃን አንድ ሳህን ሽምብራ አቅርበን «እስቲ አራት ፍሬ ስጠኝ» ብንለው፣ ሳይቆጥር እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ሊሰጠን ይችላል። በሦስት ዓመት ዕድሜ ገደማ ይህ የተለመደ ነው። የቁጥሮችን ስም በቅደም ተከተል መጥራት እንደ መዝሙር በቃል ይያዛል፤ «አራት» ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ግን ሌላ ዕውቀት ነው። ብዛትን የመረዳት፣ የማነጻጸርና የመገመት ችሎታ «የቁጥር ስሜት» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ስሜት ከየት እንደሚነሣና በአጸደ ሕፃናት በየዕለቱ እንዴት ሊጎለብት እንደሚችል እንመለከታለን።

ተፈጥሮ የሰጠችን መለኪያ

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዊሊያም ስታንሊ ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1871 «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት አንድ ቀላል ሙከራ አሳተመ። ባቄላ ወደ ሣጥን እየወረወረ ስንት ፍሬ እንደወደቀ በአንድ እይታ ይገምታል፤ ከዚያም ቆጥሮ ያረጋግጣል። ይህን ከ1,000 ጊዜ በላይ ደጋገመው። ፍሬዎቹ 3 ወይም 4 ሲሆኑ አልተሳሳተም፤ ከ5 ጀምሮ ግን ስሕተት ታየ፤ ብዛቱ ሲጨምርም ስሕተቱ እየሰፋ ሄደ። በፊዚክስ ቋንቋ ብንናገር፣ ዓይናችን እስከ አራት ድረስ በትክክል የሚለካ፣ ከዚያ በላይ ግን በግምት የሚሠራ መሣሪያ ነው።

መሣሪያው ከትምህርት ቤት በፊት የነበረ ይመስላል። ካረን ዊን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው ጥናት፣ የአምስት ወር ሕፃናት አንድ አሻንጉሊት ከመጋረጃ ጀርባ ሲቀመጥ፣ ቀጥሎም ሌላ ሲጨመር አዩ። መጋረጃው ሲነሣ ሁለት ሳይሆን አንድ ብቻ ከታየ፣ ረዘም ላለ ጊዜ አተኩረው ተመለከቱ። እንግዲህ የአጸደ ሕፃናት ሥራ ይህን የተፈጥሮ ስሜት ከቁጥር ስሞች ጋር ማስተሳሰር ነው።

በቀን ጥቂት ደቂቃ

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መምህርቷ በካርቶን ላይ በሁለት ረድፍ አምስት አምስት ሳጥኖች ትሥላለች። ጠዋት የመጣ ልጅ ሁሉ በአንዱ ሳጥን ላይ አንድ ቆርኪ ያስቀምጣል። «ስንት ሞላ? አሥር ለመሙላት ስንት ይቀራል?» የሚለው ጥያቄ መደመርንና መቀነስን በአንድነት ያስተምራል። አሥሩ ሞልቶ አንድ ሲተርፍ ደግሞ ቋንቋችን ራሱ ያግዛል፤ «አሥራ አንድ» የሚለው ስም አሥርና አንድ መሆኑን በግልጽ ይናገራልና። የእንግሊዝኛው «ኢለቨን» ይህን ለሕፃን ጆሮ አይገልጥም።

ሁለተኛው መልመጃ የጄቮንስ ሙከራ ታናሽ ወንድም ነው። አምስት ባቄላ ሁለትና ሦስት ተደርጎ ለሁለት ሴኮንድ ያህል ይታይና በሳህን ይሸፈናል። ከዚያም «ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «እንዴት አወቅህ?» ተብሎ ይጠየቃል። «ሁለትና ሦስት አየሁ» የሚል ልጅ አምስትን ከፍሎ መግጠም ጀምሯል።

ሦስተኛው ጨዋታ ነው። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ሕፃናት ከ1 እስከ 10 በመስመር በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ተጫወቱ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በሚፈጁ አራት የጨዋታ ክፍለ ጊዜያት የቁጥር ዕውቀታቸው ተሻሻለ፤ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላም መሻሻሉ አልጠፋም። በቁጥር ፋንታ ቀለም ባለበት ሰሌዳ የተጫወቱት ግን ይህን ለውጥ አላሳዩም። እኛም ሰኞ ማክሰኞ በሚጫወቱበት ደጅ ከ1 እስከ 10 በኖራ ጽፎ ማስዘለል አይከብደንም። ገበጣም በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጠጠር እየጣሉ የሚሄዱበት በመሆኑ፣ የአንድ ለአንድ ቆጠራ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

የአንድ ሯጭ ፍጥነት በሴኮንድ 300 ሜትር መሆኑን ካልኩሌተሩ ቢነግረው፣ ሳይደነግጥ በመልስ ወረቀቱ ላይ የሚገለብጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ይህ ወደ ድምፅ ፍጥነት የተጠጋ ነው! ተማሪው ቀመሩን ያውቃል፤ የጎደለው ብዛትን የመመዘን ልማድ ነው። ግሬግ ደንከንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ስድስት የረጅም ጊዜ ጥናቶችን አነጻጽረው፣ ትምህርት ሲጀመር ያለ የሒሳብ ችሎታ ከሌሎቹ መመዘኛዎች ይልቅ የኋላውን የትምህርት ውጤት አስቀድሞ እንደሚያመለክት ጽፈዋል። በእርግጥ ተዛምዶ ብቻውን መንስኤን አያረጋግጥም። ሆኖም ጥቂት ደቂቃና እፍኝ ባቄላ ብቻ ለሚጠይቅ ሥራ ይህ በቂ ምክንያት ይመስለናል።

ውድ አንባብያን፣ ከእናንተ መካከል ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ ብዙዎች ናችሁ። ዛሬ ማታ ባቄላውን አቅርቡና «አራት ስጠኝ» በሉ። ልጁ ቢሳሳት ለማረም አትቸኩሉ፤ «አብረን እንቁጠረው» በሉት። የቁጥር ስሜት የሚያድገው እንዲህ ባለው ትንሽ፣ ነገር ግን በማይቋረጥ ልምምድ ነው።