ነፍሰ ጡር ስትታሽ

በባሮ ወንዝ ዳርቻ ውሃ ስትቀዳ፣ በቆሎ ስትኮተኩት የዋለች ነፍሰ ጡር ማታ ወገቧን ያማታል። እናቷ ወይም ጎረቤቷ ብታሻት ይቀላታል። እኛም ማሸትን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ሆድ ማሸትን ነው። «ልጁን እናስተካክል» ተብሎ ሆድ በኃይል ሲታሽ እንግዴ ልጁ ከማኅፀን ሊላቀቅ፣ ደምም ሊፈስ ይችላል። ልጁ አልዞረም ከተባለ ጤና ጣቢያ ይታይ።

ወገብን፣ ትከሻንና እግርን በዘይት ወይም በቅቤ ቀስ አድርጎ ማሸት ይበቃል። ሆዷ ከገፋ በኋላ በጀርባዋ አትንጋለል። ማኅፀኑ ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫን ራሷን ያዞራታል። በጎኗ ትተኛ፤ በጉልበቶቿ መካከል የተጠቀለለ ጨርቅ ይግባ። «አመመኝ» ስትል ወዲያው ይቁም። «ቻይው» ማለት ምን ይባላል!

አንድ እግሯ ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመማት ፈጽሞ አይታሽ። የረጋ ደም ሊኖርበት ይችላል፤ ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ራስ ምታት ከጠናባት፣ ዓይኗ ከጋረዳት ወይም ደም ካየች ማሸት አይረዳትም። ቶሎ ጤና ጣቢያ ወይም ጋምቤላ ከተማ ሆስፒታል መሄድ አለባት። ክረምት ባሮ ሲሞላ መንገዱ ስለሚያስቸግር፣ የሚያደርሳት ሰው አስቀድሞ ይታሰብ።