በክራንቻና በመንጋጋ መካከል

በልደታ ሠፈር በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጦ አፉን የሚከፍት ጎልማሳ፣ ጥርሱ ያልጎደለ እንደ ሆነ፣ ከክራንቻው ኋላና ከመንጋጋው ፊት፣ በላይና በታች፣ በቀኝና በግራ ሁለት ሁለት ሆነው የበቀሉ 8 ጥርሶች አሉት፤ ቅድመ መንጋጋ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ የወተት መንጋጋዎችን አስለቅቀው ይወጣሉ፤ ግብራቸውም ክራንቻ የዘነጠለውን ተቀብለው ለመንጋጋ ማዘጋጀት ነው።

መልካቸው ግን አንድ አይደለም። የላይኞቹ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን በጉንጭ፣ አንዱን በምላስ በኩል አድርገው ሁለት ጉብታ ሲይዙ፣ የታችኛው ፊተኛ በጉንጭ በኩል ባለው ረጅም ጉብታ ክራንቻን ይመስላል፤ በምላስ በኩል ያለው ጉብታው እጅግ አነስተኛ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ነው፤ በአንዱ ሰው ሁለት ጉብታ፣ በሌላው ሦስት ይዞ ይገኛል፤ ሦስት በሆነ ጊዜም በገጹ ላይ ያሉት ስንጥቆች ከመካከል ተገናኝተው የባላ እንጨት ቅርጽ ይሠራሉ። ሥርም እንዲሁ ይለያያል፤ የላይኛው ፊተኛ ብዙውን ጊዜ ሁለት፣ በአንዳንዱ ሰው አንድ፣ አልፎ አልፎም ሦስት ሥር አለው። ስለዚህ ሐኪም የጥርስን ሥር በሚያክምበት ጊዜ የመጽሐፉን ሥዕል ብቻ አምኖ አንዱን የሥር ቦይ ሳያጸዳ ቢተወው ሕመሙ ተመልሶ ሊነሣ ይችላልና፣ የእያንዳንዱን ሰው ጥርስ በራጅ ለብቻው መመርመር ግድ ነው።

የዚህ ልዩነት ታሪክ በሀገራችን ምድር በጥልቅ ተቀብሮ ኖሯል። በቺምፓንዚ የላይኛው ክራንቻ የሚሳለው በታችኛው ፊተኛ ቅድመ መንጋጋ ላይ ነው፤ ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመካከለኛው አዋሽ የተገኘውና ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ አርዲፒቴከስ ካዳባ የተባለው የጥንታዊ ሰው ዘር ጥርስ የዚህን መሳሳል ቅሬታ ገና እንደ ያዘ አስረድተዋል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዘመኗ ከዚያ እጅግ የቀረበ ሲሆን፣ በታችኛው ፊተኛ ጥርሷ ላይ ጎልቶ የሚታየው አንድ ጉብታ ነው፤ ከዚያው ከሐዳር የወጡ ሌሎች የመንጋጋ አጥንቶች ግን ሁለት ጉብታ ግልጽ ሆኖ የሚታይባቸው ጥርሶች አሏቸው። በዚህና በአካል መጠን መለያየት ምክንያት የሐዳር ቅሪተ አካላት ሁለት ዝርያዎች ናቸው ብለው የተከራከሩ ሊቃውንት ነበሩ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ሁሉንም በአንድ ስም፣ አውስትራሎፒቴከስ አፋሬንሲስ ብለው ይጠሯቸዋል።