እውነት ወይስ ተረት? ጦጣዋና የተደበቀው ሙዝ

«ጦጣ ያላየችውን አታስብም።»

ተረት ነው። ከዓባይ ማዶ ድልድዩን ተሻግሮ ጣና ዳር ዛፍ ሥር ያረፈ፣ ወይም በጀልባ ዘጌ የደረሰ ሰው ይህን ለማወቅ መምህር አያሻውም። ሙዙን ፌስታል ውስጥ ቢከተውም ጦጣዋ ዓይኗን ከፌስታሉ አትነቅልም። ሳይንሱም የተነሣው ከዚህ ብዙ ካልራቀ ፈተና ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ካርላይል ጃኮብሰን የተባለ ተመራማሪ ጦጣዎች እያዩት ምግብ ከሁለት ክዳን በአንዱ ሥር ይደብቅና ለጥቂት ሰከንድ ይጋርድባቸው ነበር። ግርዶሹ ሲነሣ ጤነኞቹ ምግቡ ያለበትን ክዳን ያነሣሉ። በግንባር በኩል ያለው አንጎላቸው ግራና ቀኙ የተጎዳባቸው ግን ዓይናቸው ደህና ሆኖ ሳለ ይሳሳታሉ። በ1971 ደግሞ ዋኪን ፉስተርና ጋሬት አሌክሳንደር እዚያው የአንጎል ክፍል ውስጥ፣ ምግቡ ከዓይን ከተሰወረ በኋላም ሥራቸውን የማያቋርጡ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉ መዘገቡ። ይህ ለጥቂት ሰከንድ አንድን ነገር በሐሳብ ይዞ የመቆየት ችሎታ የሥራ ትውስታ ይባላል።

«ታዲያ የምንይዘው ዓይናችን ላይ የቀረውን ምስል ነው።»

ይህም ተረት ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝም እውነቱ ነው። አንድ ታንኳ ወደ ቀኝ ሲቀዘፍ አይተው ከደንገሉ ጀርባ ቢሰወርብዎ፣ ወደየት እንደሚሄድ አሁንም ያውቃሉ። ይህን እውቀት አንጎል የት ያኖረዋል? በካናዳ ዲዬጎ ሜንዶሳ ሃሊዴይ፣ ኹሊዮ ማርቲኔዝ ትሩሂዮና ባልደረቦቻቸው ጥያቄውን ሬሰስ በሚባሉት የእስያ ጦጣዎች፣ በዘጌዎቹ ዘመዶች፣ ላይ መረመሩት። ጦጣዎቹ በስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦችን አቅጣጫ ያያሉ፤ ነጥቦቹ ሲጠፉ አቅጣጫውን በሐሳብ ይይዛሉ። በ2014 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ እንቅስቃሴን በመለየት የታወቀው ኤምቲ የተባለ የአንጎል ክፍል ነጥቦቹ ከጠፉ በኋላ አቅጣጫውን ይዞ አልቆየም። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ኤምኤስቲ ግን ያዘው፤ የግንባሩ አንጎልም እንዲሁ። የትውስታው ድንበር በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያልፋል ማለት ነው።

በ2017 ደግሞ ወደ ግንባሩ አንጎል ጠለቅ ብለው ገቡ። አንዳንዱ ሕዋስ ለሚታየው ብቻ፣ አንዳንዱ ለሚታወሰው ብቻ፣ ሌላው ለሁለቱም ይሠራል። የሁሉንም ሥራ አንድ ላይ ያነበበ የኮምፒውተር ስሌት አቅጣጫውን ብቻ ሳይሆን፣ ጦጣዋ ነጥቦቹን እያየች ይሁን እያስታወሰች ጭምር ለየ። ማየትና ማስታወስ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ እንጂ አንድ ነገር አይደሉም። ትውስታው በየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚያዝ የሚደረገው ክርክር ግን አልተዘጋም፤ በ2009 በሰዎች ላይ የተሠራ የአንጎል ምስል ጥናት፣ ማጅራት አካባቢ ባለው ቀዳሚው የማያ ክፍል ውስጥም የሚታወሰውን ነገር ምልክት አግኝቷል።

«ጎበዝ ሰው ሁሉን በአንዴ ይይዛል።»

አይይዝም። አብዛኛው ጤነኛ ጎልማሳ በአንድ ጊዜ በሐሳቡ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት የሚሆኑ ነገሮችን ነው። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ያለፈውን ሊቅ አንሥቶ የሚከራከረኝ አይጠፋም። ሊቁ ዳዊትን በቃሉ ሲወጣ ግን የሚጠቀመው በዓመታት ልፋት የተከማቸውን የረጅም ጊዜ ትውስታ ነው። ስምንት ቤት ያለውን መወድስ በሐሳቡ ሲቀምር ሸክሙ በሥራ ትውስታው ላይ ይወድቃል። የሚያግዘው ስልት ያለ ይመስለኛል፤ ዜማው፣ የቤት መምቻውና ሰምና ወርቁ ብዙውን ቃል አስተሳስረው ጥቂት ነዶ ያደርጉለታል። ጠባቡን ቦታ የሚያሰፋለት ልምምድ እንጂ ተአምር አይደለም።

የልጆች የሥራ ትውስታ ደግሞ ከአዋቂው ያነሰ ነው፤ እስከ ጉርምስና ድረስ እያደገ ይሄዳል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጁን «ጨው፣ ሽንኩርት፣ ክብሪት፣ ሳሙና ገዝተህ፣ መልሱን ተቀብለህ፣ ስትመለስ እትዬን ጠይቀህ ና» ብላችሁ ልካችሁት ግማሹን ረስቶ ቢመጣ፣ ዝንጉ ነው ብላችሁ አትቆጡት። ሁለት ሁለቱን ንገሩት፤ የቀረውን በወረቀት ጻፉለት።