እንዶድ ለመርከብ ቀለም ገበያ ይበቃ ይሆን?

ከጊች አምባ ቁልቁል ወደ ደባርቅና ዳባት ሲወረድ፣ ብርዱ ረገብ ከሚልበት ከፍታ ጀምሮ እንዶድ ይገኛል። ለባላገሩ የጋቢና የነጠላ ማጠቢያ ነው፤ ነጋዴ ግን ዞር ብሎ አያየውም።

ወደብ ላይ ያለው ችግር ሌላ ይመስላል። ባሕር ላይ የሰነበተ መርከብ ሆዱን ዛጎል ለበስ ፍጥረታትና አልጌ ይወሩታል፤ ሲሻክር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ነዳጅም ይበላል። ይህን ለመከላከል ይቀባ የነበረው ትራይቡቲልቲን የተባለ መርዝ ያለበት ቀለም የባሕር ቀንድ አውጣዎችን ዘር በማበላሸቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ዓለም አቀፍ ስምምነት ታግዶ እገዳው በመስከረም 2008 ጸና። ከ2023 ጀምሮ ሳይቡትሪንም ተከትሎታል። ቦታውን በአብዛኛው የያዘው መዳብ ነው፤ እሱም ከወቀሳ አላመለጠም።

እንዶድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከቢልሃርዚያ ጋር የተያያዘው ምርምራቸው በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ቀጥሎም በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው እንዶድ በታላላቆቹ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን የዜብራ ዛጎል እንደሚገድል አሳዩ፤ የፈጠራ መብቱም በ1993 በዚያው አገር ተመዘገበ። ተክሉ የኛ፣ ወረቀቱ የነሱ ሆነ ተብሎ ብዙ አነጋግሯል። የመብቱ ዘመን ግን ካለፈ ቆይቷል፤ መንገዱ ክፍት ነው።

ታዲያ ባለሀብቱ ሄክታር ሙሉ እንዶድ ይትከል? አይቸኩል። የእንዶድ መርዝ ውኃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይፈርሳል። ለአካባቢው በጎ ነው፤ ለቀለም ግን ትልቅ ጉድለት፤ የመርከብ ቀለም ከአንዱ እድሳት እስከ ሌላው፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት መቆየት አለበትና። በዚያ ላይ ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት ብቻውን የምዝገባ ፈቃድ አያስገኝም። ትርፉ ያለው ፍሬ በኩንታል ከመሸጥ ይልቅ መርዙን በቀለም ውስጥ አፍኖ ቀስ በቀስ የሚያወጣውን ዘዴ ከማግኘት ላይ ነው። ይህ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ተፎካካሪም አለው፤ ያለ መርዝ፣ በልስላሴው ብቻ ዛጎል እንዳይጣበቅ የሚያደርግ የሲሊኮን ቀለም ገበያ ውስጥ ገብቷል።

ለእንዶድ ነጋዴ የሚቀርበው ገበያ የመስኖ ቦይ ነው። እዚያ መርዙ ቶሎ መፍረሱ አይጎዳውም፤ ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ ለመግደል በየጊዜው መጨመር ስላለበት ገዢው ተመልሶ ይመጣል።